ከባለቅኔው አገር የመጡት አከራዬ

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጊዜው በፈረንጆች ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ፈረንሳይ አገር ተወልደው ያደጉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅም አልነበራቸውም። እኔ ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰው የሰፈሩን ሰው ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። "ማዳም" ነበር የምላቸው።

እሑድ ጠዋት ስልክ ይደወላል። የምትደውለው እዚያው አገራቸው የቀረችው ታናሽ እኅታቸው ናት። ማዳም ስልኩን ሲያነሡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ቁጥብ የሆኑት፣ ቃል መርጠው ቀስ ብለው የሚናገሩት ሴትዮ ወንበራቸው ላይ ይወዛወዛሉ፣ ይቆጣሉ፣ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ያን ጊዜ ኮሌጅ ውስጥ ፈረንሳይኛ እወስድ ስለነበር፣ ለልምምድ ይጠቅመኛል ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። አንዲት ቃል እንኳ መያዝ አቃተኝ። ፈተናዬ እየደረሰ ነበርና ድንጋጤ ያዘኝ።

አንድ እሑድ ስልኩን ሲዘጉ ጠብቄ ወረድኩ።

"ማዳም፣ የእርስዎ ፈረንሳይኛ አልገባ አለኝ። አስተማሪያችን ሌላ ነገር ነው መሰለኝ የሚያስተምረን።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ መች ፈረንሳይኛ ተናገርኩና?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የቤታችን ቋንቋ ነው። የተማሩት ሰዎች ኦክሲታን ይሉታል። እኛ ልጆች ሳለን ስም እንዳለውም አናውቅም ነበር። ትምህርት ቤት የገጠር ማጉረምረም ነው ይሉን ነበር።"

ከዚያ ስለ እንጨቷ ነገሩኝ። አስተማሪያቸው አንዲት ክር የገባባት የእንጨት ቁራጭ ነበረችው። የቤቱን ቋንቋ ሲናገር የተሰማ ልጅ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። ያ ልጅ ከእንጨቷ የሚገላገለው ሌላው ልጅ ሲሳሳት ሰምቶ ካሳበቀበት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እንጨቷ ያለችበት ልጅ ይገረፋል። "ጨዋታ ላይ ሆነን ሁሉም ዝም ይላል" አሉ ማዳም። "ልጅ ዝም ብሎ ሲሮጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

በእኛ ትምህርት ቤት እንጨት አልነበረም። እናትና አባቴ እኔ ሳልወለድ ከጉራጌ አገር አዲስ አበባ የገቡ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በጉራጊኛ ይነጋገራሉ፣ እኔን በአማርኛ ያናግሩኛል። ክፍል ውስጥ የቤቱ ቋንቋ ያመለጠው ልጅ ላይ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ ያ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ጉራጊኛን እሰማዋለሁ እንጂ ከአፌ አይወጣም። ይህን ስነግራቸው ማዳም ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ኩሽና ገቡ። ሾርባቸውን እያማሰሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ "እኛ ግን ባለቅኔ ነበረን" አሉ።

ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ቀረ።

ባለቅኔው የገበሬ ልጅ ነው አሉኝ። አባቱ አስተምረውት፣ የሕግ ዲግሪውን ይዞ ወደ እርሻው ተመለሰ፣ ጠበቃ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የእናቴን ቋንቋ ከወደቀችበት አነሣታለሁ ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። በዚያን ዘመን ያቺ ቋንቋ የእረኛና የአጫጆች ቋንቋ ተብላ ከከተማ የተባረረች ናት። እሱ እንደሱ ያበዱ ጥቂት ወጣቶችን ሰበሰበ፤ ማኅበር አቋቋሙ። ስለ ገበሬ ልጆች ፍቅር ረጅም ግጥም ጻፈ፣ ያውም በዚያችው በተናቀችው ቋንቋ፤ ፓሪስ ያሉት ታላላቆች አንብበው ተደነቁ። ግጥሙ ብቻ አልበቃውም። ከአሳ አጥማጁ፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ ከልብስ አጣቢዎቹ ቃል ሲለቅም ብዙ ዓመት ፈጀና ወፍራም መዝገበ ቃላት አወጣ። በስተርጅናው ዓለም የሚያውቀውን ታላቁን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሰጡት። በገንዘቡ ምን አደረገበት መሰላችሁ? የአገሩን ማረሻ፣ የሕፃናት አልጋ፣ የሴቶች ቀሚስ ሰብስቦ ሰው የሚያያቸው ቤተ መዘክር አደረገበት።

"አያቴ ገበያ ላይ አይታዋለች" አሉ ማዳም። "ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ ውሻ አስከትሎ። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ግጥሙን ግን በቃሏ ትለዋለች።"

"እርስዎስ?"

ማማሰያውን አስቀመጡና ግጥሙን አሉልኝ። ምን እንደሆነ አንዱም አልገባኝም። ግን የሚቆምበትንና የሚነሣበትን፣ ስንኙ ስንኙን የሚጠራበትን ጆሮዬ ለየው። ሾርባው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም አልነካነውም።

ይህን ታሪክ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። አልጋ ሳነጥፍ አስበዋለሁ፣ አውቶቡስ ላይ አስበዋለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት ስንወጣ ያገኘሁት የመጀመሪያው ሰው ላይ አፈሰስኩት። እሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ከሲያትል ወጣ ብላ ያለችው ዴ ሞይን የሚኖሩ፣ ኤርፖርቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት የሚቀበሉ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ጉራጌ መሆናቸውን ያወቅሁት በጸሎታቸው ነው። በአማርኛ ይጀምራሉ፣ መንፈሳቸው ሲግል ጉራጊኛ ውስጥ ይገባሉ፣ "አሜን" ሲሉ ይመለሳሉ። ያን ቀን ራይድ ሰጥተውኝ ወደ ማዳም ቤት እየወሰዱኝ ነበር።

"ሶ፣ ሰውዬው ጥብቅናውን ትቶ ነው ግጥም የጻፈው?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"በእናቱ ቋንቋ?"

"በእናቱ ቋንቋ።"

"ሰው አነበበለት?"

"ዓለም ሸለመው እያልኩዎት።"

መኪናውን ጥግ አስይዘው ፓርክ አደረጉ። ሞተሩን አጠፉ። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል። "እኔኮ ብዙ አውቃለሁ" አሉ። "ጎረምሶች ሳለን ለመስቀል የምንገጥመውን። ሴቶቹ የሚመልሱልንን። ለሞተ የሚባለውን። ማን ይሰማኛል ብዬ ነው እንጂ።" ከዚያ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ ጀመሩ። እኔ ግማሹን እይዛለሁ፣ ግማሹ ያልፈኛል። ወንዱ በስንኝ ይወጋል፣ ሴቷ በስንኝ ትመልሳለች፤ ጋሼ ሁለቱንም ሆነው ድምፃቸውን ያቀያይራሉ። አንዱ ስንኝ ላይ እናቴ ከአባቴ ጋር ስትከራከር የምትለው አባባል ብቅ ሲል ከወንበሬ ብድግ ልል ደረስኩ። ያ የእናቴ የራሷ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግጥም ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በማዳም የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰብሰብ ጀመርን። ማዳም ጨርቃቸውን ሰብስበው ቦታ ይለቃሉ፤ እሳቸው ይሰፋሉ፣ ጋሼ ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

እጽፋለሁ ማለት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ፊደል አነሰኝ። ጉራጊኛ ውስጥ ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ የሚወጣ "መ" አለ፣ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግቶ የሚለሰልስ "ከ" አለ። የአማርኛው ፊደል ላይ ባፈጥም የሉም። ጋሼ አንዱን ቃል ይሉታል፣ እጽፈዋለሁ፣ መልሼ ሳነብላቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። "ይኼማ የአዲስ አበባ ልጅ ጉራጊኛ ነው" ይላሉ። በመጨረሻ ማዳም ከጨርቃቸው ቀና ብለው፣ "ከጎደላችሁ ስፉበት" አሉን። ለስላሳው ላይ ጭረት፣ ከንፈር የሚሻው ላይ ቀለበት አደረግንበት። ሌሎች ሰዎች ከእኛ በፊት ይህን ችግር ፈትተውት እንደሆነ አናውቅም ነበር። ያቺን ቀለበት ስስል ግን፣ እመኑኝ፣ ዓለምን እኔ የፈጠርኳት ያህል ነበር የተሰማኝ።

ቀጥሎ ጠብ መጣ። የእኔ ወላጆች ቸሃ ናቸው፣ ጋሼ እዣ ናቸው። ሰባት ቤት ጉራጌ የሚባለው ሕዝብ፣ ቸሃም ሆነ እዣ፣ እርስ በርሱ ይግባባል፣ ቃሉ ግን እዚህም እዚያም ይለያል። እኔ እናቴ እንደምትለው ልጽፍ ስል፣ ጋሼ እርሳሴን ያዙት።

"እሱ ልክ አይደለም።"

"እኛ ቤት እንደዚያ ነው የሚባለው ጋሼ።"

"እናንተ ቤት ተበላሽቶ ይሆናላ።"

ምን እየተባለ እንደሆነ ለማዳም ስናስረዳቸው ከት ብለው ሳቁ። የባለቅኔውም ጠብ ይኸው ነበር። እሱ በራሱ ወንዝ ዳር አነጋገር ጻፈ፣ የተራራው ሰዎች የእኛስ ብለው ተቆጡ፣ የባሕሩም እንደዚሁ። "እስካሁን አልታረቁም" አሉ። "እኔና እኅቴም ስለ ሽንኩርት ስም አልተስማማንም። የእሷ ባል ከተራራው ነው።" እኛም ሁለቱንም መጻፍ ጀመርን፤ አንዱን ከአንዱ ሥር።

ያልገባኝን ለእናቴ በካሴት ላክሁላት። ያን ጊዜ ስልክ ውድ ስለነበረ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ድምፅ የተቀዳበት ካሴት እንልክ ነበር። የእሷ መልስ ሲመጣ ሦስታችንም ካሴት ማጫወቻው ዙሪያ ተቀመጥን። በአማርኛ ነው የጀመረችው። "ልጄ፣ ደኅና ነሽ? ለመሆኑ አሜሪካ የሄድሽው ጉራጊኛ ልትማሪ ነው?" ብላ ቆመች። ከኋላ አባቴ ሲስቅ ይሰማል። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔን በጉራጊኛ አናገረችኝ። የጠየቅኋትን ብቻ አይደለም የመለሰችው። ስለ እንሰት የሚባለውን፣ ሙሽራ ስትሸኝ የሚባለውን፣ ለሰነፍ ባል የሚባለውን፣ የካሴቱ ሁለቱም ፊት እስኪያልቅ አለችው። ጋሼ በመሀል፣ "እስቲ መልሽው፣ መልሽው" ይላሉ። የእንሰቱን አካል ስሞች ስትዘረዝር፣ ግንዱን፣ ሥሩን፣ ቃጫውን፣ ቅጠሉን እርጥብ ሳለና ሲደርቅ፣ ጋሼ የረሱትን ቃል ሰሙና ጠረጴዛውን መቱ። "ይህቺ ሴትዮ ቸሃ መሆኗ ነው እንጂ" አሉ።

እኔም አንድ ቅዳሜ የራሴን ግጥም ይዤ ቀረብኩ። ፊቱን አይቼው የማላውቀውን ሰው አልጋ ስለማንጠፍ ነው። ሰውየው ትቶት የሄደው የትራስ ስርጉድ፣ የአንድ እግር ካልሲ፣ መስኮቱ ላይ የቀረ የጣት አሻራ። በጉራጊኛ ስለ ሆቴል አልጋ የገጠመ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አልመሰለኝም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ፣ "ሁለተኛው ስንኝ ያነክሳል። ሌላው ይሄዳል" አሉኝ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ክፍሌ ወጣሁና አልጋዬ ላይ ዘለልኩ።

መስከረም ሲደርስ የማኅበረሰባችን ሰዎች አዲስ ዓመትንና መስቀልን አንድ ላይ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሊያከብሩ ተነሡ። ግጥሜን ላንብብ ብዬ ለሊቀ መንበሩ ኮል አደረግሁ። እሳቸው ኢንጂነር ናቸው፤ ጨዋ፣ ሁሉ እንዳይጣላ ሲሉ እንቅልፍ የሚያጡ።

"እኅቴ፣ በአማርኛ ብታነቢው ደስ ይለኛል" አሉ። "ሁሉም በየቋንቋው ልናገር ካለ ማን ያስታርቀናል? ስንት ነገር አምልጠን ነው እዚህ የደረስነው።"

"ማንንም የሚያስከፋ ነገር የለውም። ስለ አልጋ ነው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ሆቴል አልጋ።"

ወረቀት ሲገልጡ ሰማሁ። "ኦኬ። አጭር ይሁን።"

ማዳም ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው አብረውኝ መጡ። ጋሼ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ መድረክ አልወጣም ብለዋል። ስሜ ሲጠራ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስል አዳራሹ ጭጭ አለ። ሰዎች ማይክራፎኑ የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ሁለተኛው ላይ ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ግን ያ የልጅነት ክፍላችን ዓይነት ሳቅ አልነበረም። የሚገባቸው ሰዎች ሳቅ ነበር። "ሊፍት" የሚለውን ቃል በጉራጊኛ ስንኝ ውስጥ አስገብቼው ነበርና እሱ ነው ያሳቃቸው። ከኩሽና ሁለት ሴቶች ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አንዷን በደንብ አውቃታለሁ፤ ኦቴሎ አካባቢ ሱቅ ያላት፣ የፒያሳ ልጅ ነኝ ባይ ሴት ናት። ስጨርስ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ጮክ ብላ በጉራጊኛ፣ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

በጉራጊኛ መለስኩላት። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የመጡበትን መንደር።

ያኔ ጋሼ ከተቀመጡበት ሆነው ተቀበሉኝ። መድረክ አልወጣም ያሉት ሰውዬ ቆመው፣ በትራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ፣ የመስቀሉን ግጥም ጀመሩ። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች መለሱላቸው። እነሱ ይወጋሉ፣ እሳቸው ይመክታሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ምቱን ያዘ። ሲያበቃ አንዲት አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ እናት፣ "ታዲያ እኔስ?" ብለው በትግርኛ አንድ ዘፈን ያዙ። አንድ ወጣት በኦሮምኛ ተከተለ። ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን አንዴ አዩ፣ ከዚያ ማየቱን ተዉት።

ማዳምን እጃቸውን ይዤ መድረክ ላይ አወጣኋቸው። ልብስ ሰፊ እንደሆኑና አያታቸው የሚሉትን ግጥም እንደሚሉልን ተናገርኩ። ያን የኩሽናውን ግጥም አሉት። እዚያ ከነበርነው ሰዎች አንዲት ቃል የገባው አልነበረም። ሆኖም ስንኙ የሚዘጋበትን ሁሉም አወቀው፤ በዘጋ ቁጥር ያጨበጭባል። ማዳም በአሜሪካ ምድር ያን ቋንቋ በስልክ እንጂ በሰው ፊት ተናግረውት እንደማያውቁ የነገሩኝ በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። መኪናው ውስጥ ጉንጫቸው እንደ ልጃገረድ ቀልቶ ነበር።

ከመውጣታችን በፊት ሊቀ መንበሩ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ሊገሥጹኝ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ "የእኔ እናት አገው ነበረች" አሉኝ። "እኔ የማውቀው እስከ አሥር መቁጠር ብቻ ነው።" ከዚያ እዚያው ቆመው ቆጠሩልኝ። ስድስት ላይ ትንሽ ተደናቀፉ፣ መልሰው ጀመሩና ጨረሱት። አጨበጨብኩላቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከበዓሉ በኋላ ጠረጴዛው ጠበበ። ባለሱቋ ሴት መጣች፣ የእሷም ጉዳይ ሌላ ሆነ፤ እሷ ደግሞ ምሁር ከሚባለው የጉራጌ ጎሳ ናት፣ ከጋሼም ከእኔም ጋር አትስማማም። ክርክሩ ሲጦፍ ማዳም የስፌት መኪናቸውን ያስጮኹታል፤ በእሱ ነው ዝም የሚያሰኙን። ለእኅታቸው በስልክ ስለ እኛ ሲያወሩ የራሴን ስም እሰማ ጀመር። የቀረው ባይገባኝም ስሜ ጥሩ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ከድምፃቸው አውቃለሁ።

በሚቀጥለው የፀደይ ወራት የጋሼን የመስቀል ግጥሞች፣ የእናቴን የካሴት ቃላትና የእኔን ጥቂት ግጥሞች በእጄ ጽፌ፣ ጭረቱንና ቀለበቱን በጥቁር ቀለም አድርጌ፣ ኮፒ ቤት ወሰድነው። ማዳም እያንዳንዱን ቅጂ መሀሉ ላይ አጥፈው በመርፌ ሰፉት፤ ክሩን ቀይ አደረጉት። አንዱን ለእናቴ ላክሁላት፣ አንዱ ማዳም የስፌት መኪና አጠገብ ቀረ፣ የቀረውን እኔና ጋሼ በፌስታል ይዘን ለየሰዉ ልናድል ወጣን። ጋሼ መኪናቸው ጋራዥ ስለነበር ሬይኒየር ጎዳና ላይ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርን።

ጋሼ ከመቀመጣቸው አንዱን ገለጡ። መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸውን ከየቃሉ ሥር እያስኬዱ ነው። የሚያውቁትን፣ በቃላቸው የያዙትን ነገር ወረቀት ላይ ሲያገኙት ግን እንደ እንግዳ ሰው ይጠነቀቁታል፤ ቀስ ብለው ነው የሚጠጉት። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ከፊታችን የተቀመጠች የቬትናም ሴት ዘወር ብላ አየቻቸው፣ ፊቷንም አልመለሰችም።

"ጋሼ፣ መውረጃችን ደረሰ" አልኳቸው።

"ቆይ እስቲ፣ ይህችን" አሉና ገጹን ገለጡ።

ባለሱቋ ያለችበትን ኦቴሎን አለፍነው። እሳቸው ማንበባቸውን ቀጠሉ።